ብርጭቆ ውስጥ የነቃ ማንጎ

መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል። ከሥሩ በቆመው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሰባት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ሰባቱም ለብ ያለ ውኃ ይዘዋል፣ በየውኃው ውስጥም አንዳንድ የደረቀ ፍሬ ተኝቷል። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ብርሃኑ በብርጭቆዎቹ አልፎ ጣሪያው ላይ ይወጣና እዚያ ሲንቀጠቀጥ ያረፍዳል። የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይህን ክፍል «ፍሬ ቤት» ይሉታል። ፍሬውን በየዓይነቱ ለሚመድበው ሰው፣ ለመዳቢው ግን፣ ክፍሉ እንቅልፍና ንቃት የሚገናኙበት ደጃፍ ነው። የተጨማደደው፣ የጠቆረው፣ አለቀለት የተባለው ነገር ውኃ ሲያገኝ ቀስ ብሎ ይነቃል፤ ሽብሽቡ ይፈታል፤ ዛፉ ላይ ሳለ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ይመስላል።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ታሪፍ የሚባል ወፍራም መጽሐፍ አለ። በዓለም ላይ የሚሸጥና የሚለወጥ ነገር ሁሉ፣ ከፈረስ እስከ መርፌ፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍና አንድ ቁጥር አለው። ፀሐይ ያደረቀችው ማንጎ ምዕራፍ ስምንት ይገባል። ስኳር ውስጥ ተነክሮ የደረቀው ማንጎ ምዕራፍ ሃያ። ለዓይን ሁለቱ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ፤ በወረቀት ላይ ግን ባዕድ ናቸው፤ «የደረቀ ፍሬ ላኩልኝ» ያለ ገዢ ምዕራፍ ሃያ የሚል ወረቀት ሲያይ ዕቃውን ከወደብ ይመልሰዋል። መዳቢው ከአገር የሚወጣውንም ወደ አገር የሚገባውንም የደረቀ ፍሬ እያየ በስምንትና በሃያ መካከል ይዳኛል። እንዲህ ሲዳኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ጡረታ ለመውጣት የቀረው አርባ ቀን ነው።

ከመጽሐፉ ሁሉ የሚወዳት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። በምዕራፍ ስምንት መግቢያ ላይ በደቃቅ ፊደል ታትማለች። የደረቀ ፍሬ እንዲለሰልስ ጥቂት ውኃ ቢጠጣም፣ እንዳይነቅዝ ቢታጠንም፣ እንዲያምር ዘይት ቢነካካም፣ የደረቀ ፍሬነት ባሕርዩን እስካልለቀቀ ድረስ የደረቀ ፍሬ ነው ትላለች። ባሕርዩን እስካልለቀቀ ድረስ። አውቶቡስ ሲጠብቅ ይላታል፤ ጺሙን ሲላጭ ይላታል። አንድ ነገር ምን ያህል ቢለወጥ ነው ያ ነገር መሆኑ የሚቀረው? ይህን ጥያቄ በወጣትነቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከመጻሕፍት ጋር ሲታገልበት ከርሞ መልስ አላገኘም ነበር። ጉምሩክ ተቀጠረና ጥያቄው ዘቢብ ሆኖ፣ በለስ ሆኖ፣ በየካርቶኑ ታሽጎ በየጠዋቱ ይመጣለት ጀመር።

አሠራሩን የወረሰው ከእሱ በፊት ከነበሩት ሽማግሌ መዳቢ ነው። ከየካርቶኑ ሦስት ፍሬ ይወጣል፤ አንዱ ለጣት፣ አንዱ ለውኃ፣ አንዱ ለምላስ። «ጣት ይጠረጥራል፣ ውኃ ይመሰክራል፣ ምላስ ይፈርዳል» ይሉ ነበር ሽማግሌው። ስኳር የጠጣ ፍሬ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ከሥሩ ቀጫጭን ክር ይለቃል፤ እንደ ጭስ የሚጥመለመል፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ ክር። ፀሐይ ብቻ ያደረቀችው ፍሬ ግን ዝም ብሎ ይጠጣል፤ ውኃውን ትንሽ ቀለም ቢያስነካው ነው። የውኃ ነገር እውነት ነው፣ ግን አይቸኩልም። ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ምላስ ግን ባንድ አፍታ ይጨርሳል፤ በር ላይ መኪና ተሰልፎ ሹፌር ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋ ማን ግማሽ ቀን ይጠብቃል?

የእሱ ምላስ ደግሞ የታወቀ ነበር። አንድ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ሦስት ዘቢብ ቀመሰና የትኛው በጥላ፣ የትኛው በፀሐይ፣ የትኛው በምድጃ እንደደረቀ ተናገረ ይባላል። ከዚያ ወዲህ «ጋሽ ምላስ» ሆነ። ስሙን አዲስ የሰማ ሰው ወሬኛ ይመስለዋል። ኧረ የለም፤ በቀን ከሃያ ቃል በላይ ከአፉ አይወጣም። «ያለ ቦታው የገባ ምላስ ነው» ይል ነበር አንድ ቀልደኛ ትራንዚተር፣ የነጋዴ ዕቃ አስፈጻሚ፣ «እግዜር ለሚስቴ ቢሰጣት ስታወራበት ትውል ነበር፤ ለእሱ ሰጥቶ ዝም አሰኘው።»

ያ ምላስ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

አንድ ሳምንት ትኩሳት ጣለው። በተነሣበት ጠዋት ሚስቱ ሻይ ሰጠችው። አንዴ ፉት አለና «ስኳሩን ረሳሽው» አላት። ሚስቱ ብርጭቆውን ተቀብላ ቀመሰች፣ ፊቱን አየችው፣ «እንግዲህ ረስቼው ይሆናል» ብላ ሁለት ማንኪያ ጨመረችበት። እሱም ጠጣው። የሞቀ ዝናብ እንደ መጠጣት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባ፤ የመጋዘኑን በር ሲከፍት፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ከበሩ ላይ ሲቀበለው የኖረው የተምርና የበለስ ሽታ አልነበረም። ዕቃው ሁሉ በቦታው አለ፤ ቤቱ ግን ሰው እንደለቀቀው ቤት ሆኖ ጠበቀው።

ለማንም አልተናገረም። ነገ ይመለሳል አለ፤ ከነገ ወዲያ ይመለሳል አለ፤ ከዚያ ወሮቹ ተከታተሉ። ፍሬውን እንደ ድሮው አፉ ውስጥ ያስገባል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጥቂት ያኝካል፣ በልቡ ጣቱ የነገረውን ይዞ «ስምንት» ወይም «ሃያ» ይላል። ጣቱ ብዙ የሚያውቅ ጣት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። ብዙ ጊዜ ማለት ግን ሁልጊዜ ማለት አይደለም። ይህንን ያውቃል፤ እያወቀ ደግሞ ያንቀላፋበታል። ሰው በገዛ ውሸቱ ላይ እንዴት እንደሚያንቀላፋ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ትራስ ይመስላል፣ ይሞቃል።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት ሁለት ካርቶን ደራርባ ተሸክማ ፍሬ ቤት ገባች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። እጆቿ እስከ አንጓዋ ድረስ ቢጫ ናቸው፤ ማንጎ የሚልጥ ሰው እጅ፣ በሳሙና የማይለቅ ቢጫ።

«ጋሼ፣ ያስታውሱኛል?»

«ካርቶኑን እዚያ አሳርፊው፣ ልጄ።»

«እኔ ነኝ አምና ምዕራፍ ሃያ የከተቱኝ።» ወቀሳ የለበትም ድምፅዋ፤ ስሟን እንደምትናገር ሰው ነው የተናገረችው። «ዘንድሮ ግን ስኳር አለው የሚለኝ አይኖርም። እንደ እንጨት አድርጌዋለሁ። ይንኩት።»

አንዱን ቁራጭ አነሣና አጎበጠው። ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እንዲህ ያለ ማንጎ በእጁ ገብቶ አያውቅም፤ የእግረኛ መንገድ ላይ የረገጡት ቅጠል ይመስላል።

«ለምን ይህን ያህል አደረቅሽው? ጥርስ ይሰብራል እኮ።»

«ታዲያ ለስላሳ ስለሆነ አይደል የጠረጠሩት? ጣትዎ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ ቀመሱት፤ ስኳር አለው አሉ።»

«አምና ምን አድርገሽበት ነበር የለሰለሰው?»

«ያኔም ነግሬዎት ነበር። እንፋሎት ነው፤ የአማቴ አሠራር። ፀሐይ ላይ ከሰነበተ በኋላ በመጨረሻው ጠዋት ድስት ሙሉ ውኃ ታፈላለች፤ የድስቱን አፍ በነጭ ሻሽ ትወጥረዋለች፤ ፍሬውን ሻሹ ላይ ትበትነዋለች። አንድ ዘፈን አንጎራጉራ እስክትጨርስ ነው የሚቆየው። ከዚያ ይነሣል። ሌላ ነገር አያውቀውም።»

መዳቢው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ያ ቀን ትዝ አለው፤ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ዛፍ መጀመሪያ ጥላው፣ ከዚያ ቅርንጫፉ፣ ከዚያ ሁሉ ነገሩ መጣ። ሰባት መኪና ደጅ ቆሟል። አንዱን ቁራጭ ውኃ ውስጥ ሊያኖር ብርጭቆ ሲያነሣ አለቃው በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ጋሽ ምላስ፣ የእርስዎ ዓይነት ምላስ ያለው ሰው ደግሞ ውኃ ምን ያደርግለታል?» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ብርጭቆውን መልሶ አኖረና ቁራጩን አፉ ውስጥ አስገባ። ምንም የለም። ጣቱ ላይ ግን ተጣብቆ ነበር። «ስኳር አለው» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«እሺ፣ ዘንድሮስ እንፋሎቱን ተዋችሁት? አማትሽ ምን አሉ?»

ሴትዮዋ የካርቶኑን ክዳን መልሳ መላልሳ አስተካከለች።

«አማቴ ማንጎ ከምናሰጣበት ግቢ እግሯን ካነሣች ዓመት ሊሆናት ነው። ያኔ አምና ወረቀቱን ይዤ ገባሁ፤ 'ስኳር አለው ተባልኩ' አልኳት። 'ያ ሰውዬ ምላሱ አይሳሳትም፤ አገር ያወቀው ነው። እኔ ስኳር አልጨመርኩም። እንግዲህ የጨመረው ማን ነው?' አለችኝ። ማን ሊሆን ነው? ግቢው ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ነን።»

«አንቺ ነሽ ብላ ነው?»

«እሷ ስትዞር የስኳር ውኃ የረጨሁበት መስሏታል። ቶሎ እንዲሸጥልኝ። በአፏ አላወጣችውም፤ ብታወጣውማ ጥሩ ነበር፤ እጣላት ነበር። አብረን እንበላለን፣ 'ጨው አቀብይኝ' ነው ወሬያችን።»

«ባልሽስ?»

«እሱማ እንደዚህ ብርጭቆዎ ነው፤ ወዲህም ወዲያም ያሳያል እንጂ ቃል አይወጣውም።» ራሷ ሳቅ አለች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። «ጋሼ፣ አይቀምሱትም እንዴ?»

«ነገ ጠዋት ተመለሺ።»

«መርከቡ ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ ገና ነው፣ ልጄ።»

እሷ ስትወጣ ረጅም ሰዓት ተቀመጠ። ምላስ አጥንት ባይኖረውም አጥንት ይሰብራል ሲባል ሲሰማ የኖረው ስለ ሐሜተኛ ይመስለው ነበር። በቀን ሃያ ቃል የማይናገር ሰው አንዲት ቃል ተናግሮ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶችን ዓመት ሙሉ ድዳ ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል? አንድ ማንጎ በስሕተት ምዕራፍ ሃያ ቢገባ ምን ይሆናል? ማንጎው ምን ተዳው። የሴትዮዋ ስም ግን አብሮ ገብቷል፤ ቤቷ ውስጥ፣ አማቷ ልብ ውስጥ፣ ከዋሾዎች ምዕራፍ።

በግድግዳው ልክ የተሠራ ቁም ሣጥን አለ። ክርክር የተነሣበት ውሳኔ ሁሉ ናሙናው በብርሌ ታሽጎ ሦስት ዓመት እዚያ ይቀመጣል። ለምሳ ሁሉም ሰው ሲወጣ እሱ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የአምናውን ብርሌ ፈለገ። በራሱ የእጅ ጽሑፍ «ማንጎ። ስኳር አለው። ሃያ።» ይላል። ጽሑፉ እንዴት ያምራል፤ የማይጠራጠር ሰው ጽሑፍ ነው። ማኅተሙን ሰበረ፤ ለስላሳዋን ቁራጭ አወጣና አንድ ብርጭቆ ውስጥ አስተኛት። ከጎኗ ባለው ብርጭቆ ደግሞ ስኳር መጠጣቱ የማያከራክር አንድ የአናናስ ቁራጭ ጨመረ። በሦስተኛው የዘንድሮዋን እንጨት ጣለ። ከዚያ አገጩን በእጁ ደግፎ ጠበቀ።

የቀትር ፀሐይ ጣሪያው ላይ ያለውን ብርሃን አቀጠነችው። ሩቅ የሆነ የመኪና ሞተር ይንጎራጎራል። ዓይኑ መቼ እንደተከደነ አላወቀም።

አንድ የአትክልት ቦታ ውስጥ ነው። ዛፉ ሁሉ በረድፍ ቆሟል፤ በየግንዱ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ከእሱ በፊት የነበሩት ሽማግሌ መዳቢ ባልዲ ይዘው በየዛፉ ሥር ውኃ ያፈሳሉ፤ ውኃው ሲፈስ ድምፅ የለውም። «የኔ ዛፍ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። «ቁጥርህን ታውቃለህ?» ይሉታል ዘወር ሳይሉ። አያውቅም። በስምንትና በሃያ መካከል ያለውን መንገድ ይዞ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ መንገዱ አያልቅም፤ ሳሩ ለእግሩ ይለሰልሳል። በመጨረሻ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ዛፍ ጋ ይደርሳል። ፍሬ ይቆርጣል፣ ይነክሳል፣ ጣዕሙ ይመጣል፤ መላው ጣዕም፣ የልጡ መራራነት ሳይቀር፣ አፉን ሞልቶ ወደ ጆሮው የሚሄድ ጣዕም። ዛፉን አቅፎ ማልቀስ ይጀምራል፤ ሽማግሌው ከሩቅ ሆነው «በል ምዕራፉን ጻፍ እንጂ» ይሉታል።

ሲነቃ ቀኑ ሊመሽ ነው፤ አፉ በምራቅ ተሞልቷል። ጣዕሙን ሊይዘው ምላሱን ላንቃው ላይ አጣበቀ። ሄዷል። እንደ ሕልም የሚባለው ለካ እንዲህ ነው አለ በልቡ።

ከዚያ ብርጭቆዎቹን አየ። የአናናሱ ቁራጭ ከሥሩ እልፍ የሚያብረቀርቅ ክር ለቅቋል፤ ክሩ የብርጭቆው ወለል ላይ እየተጠቀለለ ይተኛል። የዘንድሮዋ እንጨት ገና ሳትከፈት ጠርዟ ብቻ ፈካ ብሏል፤ ክር የላትም። የአምናዋ ማንጎ ግን ተዘርግታ ተኝታለች። ሽብሽቧ ሁሉ ተፈቷል፤ ደም ሥር የመሰሉት ቃጫዎቿ አንድ ባንድ ይቆጠራሉ፤ የተቆረጠችበት ቢላዋ መንገድ እንኳ ይታያል። ውኃዋ የጠዋት ብርሃን ያህል ቢጫ ብሏል እንጂ አንዲት ክር የለበትም። ዓመት ሙሉ በብርሌ ታሽጋ፣ በግንባሯ ላይ ውሸት ተጽፎባት፣ ባሕርይዋን አልለቀቀችም።

ማምሻውን ቤት ሲገባ ሚስቱ ሾርባ አቀረበችለት። ሁለት ማንኪያ በላና «ጨው በዛበት» አለ፤ ልማዱ ነው፤ አንድ ቀን በዛ፣ አንድ ቀን አነሰ ይላል፣ ምላስ ያለው ሰው እንዲመስል።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ዛሬ ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። አልቆብን ነው፤ ነገ ነው የምገዛው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። እሷ መብላቷን ቀጠለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከሻዩ ቀን። እርግጠኛ የሆንኩት ግን ሾርባ በስኳር ሠርቼ 'ዛሬ ቃናው ድሮን አስታወሰኝ' ስትለኝ ነው።»

«ይህን አድርገሻል?»

«ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው ጊዜ ጨምሪልኝ ብለህ ሳሕንህን ዘረጋህ።»

ሳቅ አመለጠው። «ለምን ዝም አልሽኝ ታዲያ?»

«እስክትነግረኝ ስጠብቅ። ሰው ያጣውን ነገር ራሱ ካልተናገረው የተሰረቀ ያስመስልበታል ብዬ።»

ነገራት። ምላሱን ሳይሆን ሴትዮዋን፣ አማትየዋን፣ ብርጭቆውን ነገራት። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችና ሳሕኑን አነሣች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አለች ወደ ማጀት እየሄደች፣ «ንጋቱን የሚጠብቀው ሰው ግን ደጅ በብርድ ነው ያለው። የመንግሥት ሰዎች ይህችን አታስቡም።»

ማክሰኞ በጠዋት መዳቢው ወደ አለቃው ቢሮ ገባ። አለቃው በዕድሜ ልጁ ይሆናል፤ ሥራውንም ያስተማረው መዳቢው ነው። ሁለቱን ብርጭቆዎች፣ የአናናሱንና የአምናውን ማንጎ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት።

«ይቺ የአምናዋ ማንጎ ናት፤ ስኳር የላትም። ስምንት ነበረች። እኔ ሃያ አልኳት።»

አለቃው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየ። «የአዋቂ አጥፊ አሉ። እሺ፤ ጋሼ፣ አንዴ ቢሳሳቱ ምን ይሆናል?»

«አንዴ መሆኑን አላውቅም። ምላሴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።»

አለቃው ብርጭቆውን በጣም ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ወደ በሩ ሄዶ ዘጋው። ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁ ወርዷል።

«አርባ ቀን ነው እኮ የቀረዎት። የስንብቱን ዝግጅት እያሰብን ነው። የዘንድሮ ዕቃዋን ስምንት ብለው ያሳልፉላት፤ ሴትዮዋ ደስ ይላታል። ያለፈው ይተኛ።»

«ለእሷ አልተኛም። ቤቷ ውስጥ በየቀኑ ይነሣል።»

«ውሳኔውን ባደባባይ ከሻሩት የሁለት ዓመት ውሳኔ ሁሉ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ይህንን አስበውታል?»

«ትናንት ማታ ሌላ ምን ሳስብ ያመሸሁ መሰለህ?» መዳቢው ብርጭቆዎቹን ወደ አለቃው ገፋ አደረጋቸው። «ጥያቄ ይነሣበት። ክርክር ያለበት ሁሉ ናሙናው ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ውኃ ደግሞ አይጠፋም። በአርባ ቀን ውስጥ ሁሉንም አንድ ባንድ እነክራለሁ። የተሳሳትኩትን በእጄ አስተካክላለሁ። ከዚያ ስንብቱን ብትፈልጉ አድርጉት፣ ባትፈልጉም ተዉት።»

«ሰው ምን ይላል ጋሼ? ጋሽ ምላስ ምላስ የለውም ሲባል?»

«ትራንዚተሮቹ አንድ ሳምንት ይስቃሉ። ከዚያ ሥራቸው ይጠራቸዋል።»

አለቃው ፊቱን በመዳፉ አሸው። አንድ ወቅት ይኸው ሰውዬ እጁን ይዞ ዘቢብን ከዘቢብ እንዴት በጣት እንደሚለይ አሳይቶታል። መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረደና የአምናውን ገጽ ገልጦ ወደ መዳቢው አዞረለት። እስክሪብቶውንም አቀበለው። መዳቢው «ሃያ» ያለበትን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰርዞ፣ ከጎኑ እንዲህ ጻፈ፦ «ስምንት። ፍሬው በእንፋሎት የለሰለሰ እንጂ ስኳር የሌለው ነው። ስሕተቱ የመዳቢው ነው፤ ላኪዋ የተናገሩት እውነት ነበር።» ፈረመ።

ሴትዮዋ ስትመጣ የዘንድሮውን ወረቀት፣ ስምንት የሚለውን፣ መጀመሪያ ሰጣት። ቀጥሎ ስለ አምናው ነገራት፤ ስለ ምላሱም ጭምር። ቆማ አዳመጠችው። ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ታለቅሳለች ብሎም ፈርቶ ነበር።

«ዓመት ሙሉ» አለች ብቻ።

«ዓመት ሙሉ። ይቅርታሽን የምለምንበት ፊት የለኝም፣ ልጄ።»

የሰጣትን የመዝገብ ግልባጭ አጥፋ ወደ ቦርሳዋ ልትከት ስትል ቆመች። «ይህን ወረቀት ምን ላድርገው? አማቴ ማንበብ አትችልም። እኔ ባነብላት ከራሷ ጨመረች ትለኛለች። ልጇ ቢያነብላት ሚስቱ አስጠናችው ትላለች። የምታምነው ሰው አንድ ብቻ ነው ያለው።»

«ማን?»

«እርስዎ ነዎታ። ያ ሰውዬ ምላሱ አይሳሳትም የምትለው።»

እንዲህ ሆነና ከቀትር በኋላ መዳቢው ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ሁለት ብርጭቆ በሣጥን ይዞ ከሴትዮዋ ጋር አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ውኃው እንዳይፈስ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ጉልበቱ ላይ አቅፎታል። ከመስኮቱ ውጭ ግድግዳዎች፣ የልብስ ገመዶች፣ በር ላይ የቆሙ ሰዎች ይሄዳሉ፤ እሱና ብርጭቆዎቹ ብቻ የቆሙ፣ ከተማው የሚሄድ ይመስላል።

የሚያደርቁበት ግቢ ከቤቱ ጀርባ ነው። በእንጨት ቆጦች ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፤ በጨርቆቹ ላይ የማንጎ ቁራጭ ረድፍ በረድፍ ተኝቶ ፀሐይ ይጠጣል። አሮጊቷ ከግቢው በር ወዲያ፣ ከቤቱ ጥግ ጥላ ውስጥ ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ከበሩ መድረክ አንድ ክንድ ይርቃል፤ ዓመት ሙሉ ያልተሻገረችው አንድ ክንድ።

«እማማ፣ እንግዳ መጥቷል» አለች ምራቲቱ። «የጉምሩኩ ሰው ናቸው።»

አሮጊቷ ቀና ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከእሱ በዐሥራ አምስት ዓመት ትበልጣለች። «ምላሱ አንተ ነህ?»

«ነበርኩ፣ እማማ።»

«ምን ማለት ነው ነበርኩ?»

ሣጥኑን መሬት ላይ አሳርፎ ፊቷ በርከክ አለ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ሦስቱም ሰሙት። ሁለቱን ብርጭቆዎች አወጣና ፀሐይ የሚነካበት ቦታ ፈልጎ አስቀመጣቸው። «ይሄ አናናስ ነው፤ ስኳር የጠጣ። ክሩን ያዩታል? ይሄኛው ደግሞ የእርስዎ ማንጎ ነው፤ የአምናው። ክር የለውም። ስኳር አልነበረውም። ምራትዎ ምንም አልጨመረችም። እኔ ምላሴ ሞቶ ሳለ ያልሞተ አስመስዬ ፈረድኩ።»

አሮጊቷ አጎንብሳ ብርጭቆዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ረጅም ጊዜ አየችው። የገዛ ቢላዋዋን መንገድ ቁራጩ ላይ ሳታገኘው አልቀረችም፤ አንድ ጣቷ ብርጭቆው ላይ ያንን መስመር ይከተላል። ከዚያ ጣቷን ውኃው ውስጥ ነከረች፣ ላሰችው። የንፋስ ሽውታ ጨርቆቹን አነሣና አስቀመጠ።

ምራቷን ይቅርታ አልጠየቀችም። በክንዷ ተደግፋ ተነሣች፣ የግቢውን በር ተሻገረች፣ አንዱን ቁራጭ ከጨርቁ ላይ አንሥታ አጎበጠችው። ቀጭ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው? ጣውላ ነው የምትልኪው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እማማ? ብቻዬን…»

«ድስቱ የት አለ?»

«የነበረበት ነው።»

«ውኃ ጣጂ። ሻሹንም አጥበሽ አምጪ፤ ዓመት ሙሉ አቧራ ጠጥቷል። ሐሙስ ነው አይደል መርከቡ? ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?»

ምራቲቱ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ማጀት ሮጠች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ከጀርባዋ አይለይም ነበር።

መዳቢው ሊሄድ ተነሣ፤ አሮጊቷ ግን «ወዴት? ተቀመጥ» አለችው፤ ተቀመጠ። ውኃው ፈላ፤ ሻሹ ተወጠረ፤ ቁራጮቹ ተበተኑ። እንፋሎቱ በነጩ ጨርቅ ውስጥ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ከበስተጀርባው የሁለቱ ሴቶች ፊት አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። አሮጊቷ አንድ ነገር ማንጎራጎር ጀመረች፤ ዜማው ረጅምም አጭርም አይደለም። ሲያልቅ ሻሹ ተነሣ።

አንዱን ቁራጭ ወደ እሱ ዘረጋችለት። «እንካ።»

«አልቀምስም እኮ፣ እማማ። ነገርኩዎት፣ ምላሴ…»

«ማን ቅመስ አለህ? አኝክ። ጥርስህም ሞቷል እንዴ?»

አኘከ። የሞቀ፣ የሚታዘዝ ነገር ነበር፤ ጥርሱ ሲያርፍበት የሚሸሽ፣ መልሶ የሚመጣ። ጣዕሙን ፈለገ፤ አልነበረም። ዓይኑን ጨፈነ፤ እንደ ልማዱ ሳይሆን የምሩን። ከእንፋሎቱ ማዶ ሁለቱ ድምፆች ይሰሙታል።

«ዘንድሮ ጎምዘዝ ብሏል» ትላለች አሮጊቷ።

«ኧረ አልጎመዘዘም፣ እማማ፤ የዚያኛው ዛፍ ነው፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።»

«ለእኔ ነው የዛፍ ነገር የምትነግሪኝ? የጥጉ ዛፍ መጨረሻው ላይ መረር ይላል እንጂ አይጎመዝዝም።»

«እሱማ መረር ይላል፤ እንደ ልጡ።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

«እሱንማ አላሉም፤ ጎመዘዘ ነው ያሉት…»

ክርክሩ ቀጠለ። መዳቢው ዓይኑን ሳይገልጥ እየተቀያየረ ከሁለቱም አፍ ይቀበላል፤ ጎምዘዝ፣ ከዚያ መረር፣ ከዚያ ወደ ኋላ የሚመጣ ጣፋጭ። ቁራጩን አላምጦ ጨረሰና ሌላ እንዲሰጡት እጁን ዘረጋ።